«አላለቀም እንዴ?» ባዮች ዕድሜ ይስጣቸው

ክርና መርፌ ይዞ የተቀመጠ ሰው ባዩ ቁጥር «ምን ሊሆን ነው? መቼ ያልቃል? ትሸጪዋለሽ?» የሚሉ ደጋግ ሰዎች ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? ሰው ሁሉ ዝም ብሎ እጁን እያፍታታ፣ ያለ አንዳች ትርፍ ሲደሰት ይውል ነበር እኮ!

ደግነቱ ምክራቸውን የሰማ ቶሎ ጨራሽ አለ። እሱ ሹራብ ከመጀመሩ በፊት የእጁን ልክ የሚያሳይ ናሙና አይሠራም። 15 በ15 ሳንቲ ሜትር ሠርቶ፣ አጥቦ፣ ዘርግቶ አድርቆ፣ መሀሉን መለካት ሥራ ፈትነት ነው፤ ደግሞስ ናሙናን ማን ፎቶ ያነሳል? መመሪያው በ10 ሳንቲ ሜትር 22 ቀለበት (በመርፌው ላይ የሚደረደር የክር ዐይን) ይላል። የእሱ እጅ ላላ ስለሚል 20 ብቻ ይወጣዋል። ሁለት ቀለበት ምን አላት ብሎ በመመሪያው 220 ቀለበት ይጀምራል፤ ደረቱ 100 ሳንቲ ሜትር ሊሆን የታሰበው ሹራብ 110 ሆኖ ቁጭ። እሰየው፣ ከሥሩ ሌላ ሹራብ ይለበስበታል!

ከ40 ረድፍ በፊት አንድ ቀለበት አምልጦት እንደነበር ቢያይም አይደነግጥም። ለደስታዋ ብቻ የምትሠራዋ ሥራ ፈት ብትሆን የኪሮሽ መርፌ ታመጣና ያመለጠውን ቀለበት ይዛ፣ ከላዩ እንደ መሰላል የተጋደሙትን ክሮች አንድ በአንድ በውስጡ እየሳበች እስከ ላይ ትወጣለች። ያውም ፈገግ እያለች! ሲብስባት ጭራሽ ሁሉንም ትተረትረዋለች፤ የተጨማደደውን ክር በሰፊ ዙር ጠምጥማ አስራ፣ አጥባ፣ ሰቅላ፣ እንደገና ትጀምራለች። በዚያው አንድ ክር ሦስት ጊዜ ተደሰተች ማለት ነው፤ ስግብግብነት ካልሆነ ምን ይባላል? የእኛ ጀግና ግን በመርፌ ጠቅ፣ ቋጠር አድርጎ ያልፋል። ፎቶ የሚነሳው ከፊት ነው።

ሸክላ ላይም ያው ነው። ጉንጭ ሲነካው የሚቀዘቅዝ ሸክላ ውስጡ ገና እርጥብ ነው ቢሉት «ከላይ ደርቋል» ብሎ እቶን ይከተዋል። ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሲያልፍ ውሃው እንፋሎት ሆኖ መውጫ ያጣና ዕቃውን ያፈነዳዋል፤ አጠገቡ ያለውን የሰው ሥራም ይዞ ይሄዳል። ወፈር ተደርጎ የተቀባ የዘይት ቀለም ቫርኒሽ ለመቀባት ወራት ይፈልጋል፤ እሱ በሳምንቱ ይለቀልቀዋል። ከታች ያለው ቀለም ገና ሳይረጋ የላዩ ደርቆ ሲሰነጠቅ ደግሞ «ጥንታዊ መልክ» ይለዋል።

በመጨረሻ ሹራቡ አለቀ። ጠያቂዎቹ መጡ፤ እጅጌውን ሳብ፣ ጫፉን ገልበጥ አድርገው አዩና፦

«ጎበዝ! ግን ተሠርቶ ያለቀ ብትገዛ አይቀልህም ነበር?»