ታብ መንካት ነውር ሆነ እንዴ?

አሁን ነው የገባሁት። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

የምሰራለት ያው ቢሮ ነው፣ አቶቴ ሰፈር ያለው። ሰርቨሩ አዲስ ነው፣ ላዩ ላይ የተጫነው ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ግን ባዶውን ነው። «አፕት ኢንስቶል» ብዬ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትዕዛዝ ነው) የፓኬጁን፣ ማለትም የምጭነውን ፕሮግራም፣ ስም ግማሽ ጻፍኩና ታብ ነካሁ፤ የተጀመረ ስም የምትሞላልንን የኪቦርድ ቁልፍ ማለቴ ነው። ዝም። ደገምኩት። ያለሁበትን ፎልደር ፋይሎች ደረደረልኝ! ባሽ ኮምፕሊሽን፣ ታብን ትዕዛዝና ስም መሙላት የሚያስተምረው ፕሮግራም፣ አልተጫነበትማ። እሱ ከሌለ ታብ ስለ ፓኬጅ ምንም አያውቅም፣ ፋይል ብቻ ነው የሚያመጣው።

ከኋላዬ የቆመው የአይቲ ኃላፊ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እህቴ፣ ስሙን በቃልሽ አታውቂውም?»

«ጋሼ፣ ታቡ እየሰራ አይደለም።»

«እኔ ባለሙያ ላኩልኝ አልኩ እንጂ ታብ የሚደበድብ ሰው ላኩልኝ አልኩ?»

ኢንተርኑ ከት ብሎ ሳቀ። የፋይናንሷ ልጅ ሳትቀር ዞር ብላ አየችኝ።

በቃል?! የኡቡንቱ መሠረት በሆነው ዴቢያን ላይ ከ60,000 በላይ ፓኬጅ አለ። ማን ነው ይህን በቃሉ የያዘው? «ላይብ» ብላችሁ ታብ ሁለቴ ንኩ እስቲ፤ በሺዎች የሚቆጠር ስም አለ፣ ሁሉንም ላሳይ ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። ስሙ ደግሞ አንድ አይደለም። አፓቼ የሚባለው የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም ኡቡንቱ ላይ «አፓቼ2» ነው፣ ሬድ ሃት የሚባለው ሌላው ሊኑክስ ላይ «ኤችቲቲፒዲ»። ለፕሮግራም መሥሪያ የሚጫኑት ፓኬጆች ስም ደግሞ አንዱ ጋ መጨረሻው «ዴቭ»፣ ሌላው ጋ «ዴቬል»። ስም መፈለጊያው አፕት ሰርች አለልሽ አትበሉኝ! ሁለት ፊደል ለማረጋገጥ ስክሪን ሙሉ ዝርዝር ላንብብ?

ሐኪም የመድኃኒት ስም አይቶ ቢያረጋግጥ ማን ይስቅበታል? ስም መሳት ቀልድ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ኤንፒኤም በሚባለው የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከማቻ ላይ «ክሮስ-ኤንቭ» የሚባለውን ፓኬጅ ስም ሰረዙን ብቻ አጥፍቶ ሌላ ፓኬጅ የለቀቀ ሰው ነበር። ሰረዟን የረሳ ሁሉ ያንን ጫነ፤ ፓኬጁም የይለፍ ቃልና ቁልፍ የሚቀመጥባቸውን ኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎች እየለቀመ ይልክ ነበር። አፕት ላይ ታብ የሚያድነን ከዚህ ዓይነቱ የስም ስህተት ነው። ኤንፒኤምና የፓይተን ፓኬጅ መጫኛው ፒፕ ላይማ ጭራሽ የለም! ኢንስቶል ስትሉ ከኢንተርኔት ማከማቻቸው ስም አይሞሉላችሁም።

ፕሮግራምን ከነሲስተሙ አሽጎ የሚያስኬደው ዶከርስ ብትሉ? የዴቢያን ኢሜጅ (የታሸገው ሲስተም) ውስጥ የአፕትን ካሽ፣ ማለትም የፓኬጅ ስሞች የሚቀመጡበትን ጊዜያዊ ፋይል፣ የሚያጠፋ ሴቲንግ አብሮ ይመጣል፣ ኢሜጁ እንዳይገዝፍ ተብሎ። ታብ ስሞቹን የሚያነበው ከዚያው ካሽ ነው። ስለዚህ ባሽ ኮምፕሊሽንን ብትጭኑትም ዝም ይላል። ስንቱ ልጅ ነው ኪቦርዱ የተበላሸ መስሎት ሲለፋ ያየሁት!

ደግሞ ያ ቢሮ ያለፈውን ወር ሒሳብ እስካሁን አልከፈለም። ዛሬም ዋይፋይ የለም ተብዬ በራሴ ዳታ ነው የጫንኩት። መሃል ላይ መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም። ስወጣ የባጃጁ ሰውዬ በእጥፍ ጠየቀኝ። ከፈልኩት፣ የምከራከርበት አቅም አልነበረኝም።

ነገም እዚያው ነኝ። ገና እንደተቀመጥኩ መጀመሪያ የምጭነው ባሽ ኮምፕሊሽንን ነው። ጋሼ ከፈለጉ ቆመው ይዩኝ።