ከ9.71 እና ከ1.93 የቱ ይበልጣል?

የፌዴራል መንግሥት የ2017 ዓ.ም. በጀት መጀመሪያ ሲጸድቅ 971 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። የ2018ቱ ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በሳይንሳዊ አጻጻፍ (ትልቅ ቁጥርን በ10 ብዜት አሳጥሮ በመጻፍ ዘዴ) ሰሌዳ ላይ ጻፏቸው። የመጀመሪያው 9.71 × 10¹¹ ይሆናል፤ ሁለተኛው 1.93 × 10¹²። ከዚያ አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ጥሩና የቱ እንደሚበልጥ ጠይቁት።

«9.71 ያለበት» የሚሉ ልጆች ሞልተዋል። ሰነፎች ሆነው አይደለም። ዓይናቸው ቀድሞ የሚያርፈው ፊት ላይ ባለው ቁጥር ነው። ከ10 ራስ ላይ በትንሹ የተጻፈችው 12 ጌጥ ትመስላለች። ዋናው ነገር ያለው ግን እሷ ጋ ነው። አርቢዋ (ብዙ መምህራን ኤክስፖነንት ይሏታል) በአንድ ስትጨምር ቁጥሩ አሥር እጥፍ ያድጋል። ፊት ያለው ቁጥር ግን ከ1 ጀምሮ 10 ሳይደርስ ይቆማል። ስለዚህ በሳይንሳዊ አጻጻፍ የተጻፈ ቁጥር ሲነበብ መጀመሪያ መታየት ያለባት አርቢዋ ናት። እሷ እኩል ከሆነች ብቻ ነው ወደ ፊተኛው ቁጥር የሚኬደው።

እኛ ግን የምናስተምረው ተገላቢጦሹን ነው። «ነጥቧን ወደ ግራ አምጣ፣ የዘለልከውን ቤት ቁጠር፣ ከ10 ላይ ጻፍ።» በቃ። ልጁ ነጥብ ማንቀሳቀስ ይለምዳል። 45,000,000ን ወደ 4.5 × 10⁷ ይቀይራል፤ ተመልሶም ይዘረዝረዋል። ፈተናውም የሚጠይቀው በአብዛኛው ይህንኑ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ ስለ ቁጥሩ ትልቅነት አንድም ጊዜ አላሰበም።

ልጁ መጠን አይገባውም እንዳትሉኝ። 900 ሜጋባይት ጥቅልና 1 ጊጋባይት ጥቅል አስቀምጡለትና ምረጥ በሉት። 900 ከ1 ይበልጣል ብሎ ሜጋውን የሚያነሳ ልጅ ካገኛችሁ ንገሩኝ! ጊጋ ከሜጋ አንድ ሺህ እጥፍ እንደሚበልጥ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ሜጋ ማለት 10⁶፣ ጊጋ ማለት 10⁹ ነው። እንግዲህ አርቢን አስቀድሞ ማንበብ ለዚህ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። ክፍል ውስጥ ሲገባ ነው የሚጠፋበት።

አዋቂዎችም ከዚህ አናመልጥም። የደም ምርመራ ያደረገ ሰው ሁሉ አንድ ወረቀት ይዞ ወጥቷል። ለምሳሌ ነጭ የደም ሴል 7.2፣ ቀይ የደም ሴል 4.8፣ ፕላትሌት 250 ይላል። ላይ ላዩን ላየው ሰው ፕላትሌቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ቀዩ ከሁሉም ያንሳል። አሁን ከጎን በደቃቁ የተጻፈውን እዩ። ነጩ × 10³፣ ቀዩ × 10⁶፣ ፕላትሌቱ × 10³ ነው፤ ሁሉም በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ። ስለዚህ ነጩ 7,200 ነው፤ ፕላትሌቱ 250,000፤ ቀዩ ደግሞ 4,800,000። ያነሰ የመሰለን ቀይ የደም ሴል ከነጩ በ670 እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

ይህ ብቻ አይደለም። ሌላ ላብራቶሪ ሄዳችሁ ብትመረመሩ ነጩ 7.2 × 10⁹ ተብሎ ሊመጣ ይችላል። ለደቂቃ ሊያስደነግጥ ይችላል። ከ10³ ወደ 10⁹? መለኪያውን ስታዩ ግን ሁለተኛው በማይክሮ ሊትር ሳይሆን በሊትር ነው። አንድ ሊትር 10⁶ ማይክሮ ሊትር ነው። 10³ሩን በ10⁶ ስታባዙት አርቢዎቹ ይደመሩና 10⁹ ይመጣል። ውጤቱ ያው ነው፤ ምንም የተቀየረ ነገር የለም። «ስናባዛ አርቢ እንደምራለን» የምትለዋን ደንብ ለማስተማር ከዚህ ወረቀት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ያውም በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል።

ቢሮ የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ኤክሴል ላይ ያገኙታል። ከ251 የሚጀምር ባለ 12 አሃዝ ስልክ ቁጥር ሲያስገቡ 2.51911 ይልና ከጎኑ ኢ የምትባለውን የላቲን ፊደልና +11 ይደቅናል። ብዙ ሰው ፋይሉ ተበላሸ ብሎ ይሸበራል። አልተበላሸም፤ «ሲባዛ በ10¹¹» ማለቱ ነው። ቁጥሩ የሚገባበትን ሳጥን ዓይነት ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ማስገባት ነው መፍትሔው። የእውነት መጨነቅ ያለበት ባለ 16 አሃዝ የባንክ ካርድ ቁጥር የሚያስገባው ሰው ነው። ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ አይዝም፤ የመጨረሻዋን ዜሮ ያደርጋታል።

ወደ በጀቱ ልመለስ፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ መደመርም አለ። ተማሪዎች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱት በመደመር ነው። 2017 ውስጥ ወደ 582 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ጸድቋል። ይህ 5.82 × 10¹¹ ነው። ከ9.71 × 10¹¹ ጋር እንደምረው። አርቢዎቹ እኩል ስለሆኑ ፊተኞቹ ብቻ ይደመራሉ፦ 15.53 × 10¹¹። 15.53 ከ10 ስለበለጠ ይስተካከላል፦ 1.553 × 10¹²። ብዙ ልጆች ግን አርቢዎቹንም ይደምሩና 10²² ያደርጉታል። ለምን እንደማይሆን ደንብ ጠቅሶ ከማስረዳት ይልቅ መልሱን እንዲያዩት ማድረግ ይሻላል። 10²² ብር ማለት ከአገሪቱ በጀት በቢሊዮን እጥፍ የሚበልጥ ብር ነው። ይህን ያየ ልጅ ራሱ ይስቃል።

ከዚህ ሒሳብ ሌላም ነገር ይወጣል። የ2018 በጀት መጀመሪያ ከጸደቀው የ2017 በጀት ጋር ሲነጻጸር ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ከተጨማሪው ጋር ሲነጻጸር ግን 1.93ን ለ1.55 ስናካፍል 1.25 ገደማ ነው። ማለትም በሩብ ያህል ነው ያደገው። «በጀቱ እጥፍ ሆነ» የሚል ወሬ ሲሰማ ከየትኛው ጋር አወዳድረው ነው ብሎ የሚጠይቅ የ14 ዓመት ልጅ ቢኖረን ምን አለበት?

እኔ ብሆን ሙሉ ክፍለ ጊዜ የምሰጠው ለሕዳሴ ግድብ ነበር። ሐይቁ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ይህን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ግን ስንት ነው? 7.4 × 10¹⁰ ሜትር ኩብ። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ስለሆነ 7.4 × 10¹³ ሊትር። የአገሪቱን ሕዝብ 130 ሚሊዮን እንበል፤ 1.3 × 10⁸። እናካፍል። 7.4 ለ1.3 ወደ 5.7 ነው። ስናካፍል አርቢዎቹ ይቀናነሳሉ፦ 13 ሲቀነስ 8፣ 5። ለአንድ ሰው 5.7 × 10⁵ ሊትር ይደርሰዋል፤ 570 ሺህ ሊትር ማለት ነው። በ20 ሊትር ጄሪካን ከ28 ሺህ ጄሪካን በላይ ነው። በቀን አንድ ጄሪካን ቢጠቀም 78 ዓመት ገደማ ይበቃዋል። ለእያንዳንዱ ሰው! ይህን ክፍል ውስጥ ሠርቶ ያየ ልጅ 10¹³ን አይረሳውም። ካልኩሌተርም አላስፈለገውም።

አንዳንዱ ሰው ይህ አጻጻፍ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለልጆቻችን ይከብዳል ይላል። እስቲ የግዕዝ ቁጥርን ተመልከቱ። ዜሮ የለውም። ፼ አሥር ሺህ ነው። ሚሊዮንን ፻፼ ብሎ ይጽፋል፤ መቶ ጊዜ አሥር ሺህ። መቶ ሚሊዮንን ደግሞ ፼፼። ስምንት ዜሮ በሁለት ምልክት አለቀ። አንድ ዓይነት ነው እያልኩ አይደለም። ግን ትልቅ ቁጥርን በብዜት አሳጥሮ መጻፍ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

በኔጌቲቭ አርቢ ላይ ብዙ አልቆይም። ጣጣው አንድ ነው፦ ልጁ 10⁻⁷ን (1 ለ10⁷ ሲካፈል ማለት ነው) ሲያይ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ይመስለዋል። የቀይ የደም ሴል ስፋት ወደ 7 × 10⁻⁶ ሜትር፣ የኮሮና ቫይረስ ደግሞ ወደ 1 × 10⁻⁷ ሜትር ነው ብላችሁ አሳዩት። ቫይረሱ በጣም ትንሽ ነው እንጂ ከምንም በታች አይደለም። ሴሉ በ70 እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። ከዚህ በኋላ ልምምድ ነው።

ነጥብ ከማንቀሳቀስ መጠን ማወዳደር ይቅደም የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውና ብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የተቀበሉት የጋራ የትምህርት መስፈርት ስምንተኛ ክፍል ላይ የሚጠይቀው ማወዳደርን ነው። ምሳሌው የአሜሪካን ሕዝብ 3 × 10⁸፣ የዓለምን 7 × 10⁹ ይልና የዓለሙ ከ20 እጥፍ በላይ መሆኑን ልጁ እንዲያይ ይፈልጋል። ሜሪላንድ ያላችሁ ወላጆች የልጃችሁ የቤት ሥራ ላይ ይህን መሰል ጥያቄ አይታችሁ ይሆናል። «ዝም ብለህ ነጥቧን አንቀሳቅስ» ብላችሁ አትርዱት፤ የተጠየቀው እሱ አይደለም።

መምህራን የሚሉኝን አውቃለሁ። ክፍሉ ሙሉ ነው፣ ጊዜ የለም፣ ፈተናው ምርጫ ነው። እውነት ነው። ስልሳ ተማሪ ይዞ የእያንዳንዱን አስተሳሰብ መከታተል አይቻልም። ስለዚህ ከመምህሩ በፊት መቀየር ያለበት ፈተናው ነው። ፈተናው «ወደ ሳይንሳዊ አጻጻፍ ቀይር» እያለ ከቀጠለ መምህሩ ነጥብ ማንቀሳቀስ ቢያስተምር አይፈረድበትም። ምርጫ መሆኑ ደግሞ እንቅፋት አይደለም። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፦

አንድ ግድብ 7.4 × 10¹⁰ ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ወንዙ በዓመት 4.9 × 10¹⁰ ሜትር ኩብ ውሃ ያመጣል። ምንም ውሃ ሳይለቀቅ ግድቡን ለመሙላት ስንት ዓመት ይፈጃል? ሀ) 0.15 ለ) 1.5 ሐ) 15 መ) 150

አራቱም ምርጫዎች ላይ ከዜሮ ሌላ ያሉት አሃዞች 1 እና 5 ናቸው። ልዩነታቸው የአሥር እጥፍ ብቻ ነው። ማረሚያው እንደ ድሮው ነው፤ አንድ ሳንቲም አይጨምርም።