የንግሥት እሌኒን ሳንቲም መግዛት ይቻላል፤ ጥያቄው ከማን የሚለው ነው

የንግሥት እሌኒ መልክ ያለበት ሳንቲም እንዳለ ስንቶቻችን እናውቃለን? በየዓመቱ ደመራ ስንለኩስ ስሟን የምናነሳት የቆስጠንጢኖስ እናት፣ እሷው ራሷ። ልጇ በ324 ዓ.ም. (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «አውግስታ» የሚል ማዕረግ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ ነሐስ ላይ እየታተመች ወጣች። በአንድ በኩል ፊቷና ስሟ አለ። በሌላው በኩል ቅርንጫፍ የያዘች ሴት ቆማለች። ይህ ሳንቲም ዛሬ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ በግልጽ ይሸጣል። ደህና የሚባለው እንኳ ብዙ ጊዜ ከመቶ ዶላር በታች ነው።

ሰው ይሄን ሲሰማ አያምንም። የ1700 ዓመት ዕቃ እንዴት እንዲህ ይረክሳል? ነገሩ ግልጽ ነው። የሮማ መንግሥት ለወታደር ደሞዝና ለገበያ ሳንቲም ያወጣው በገፍ ነበር። በቆስጠንጢኖስ ዘመን ከለንደን እስከ አሌክሳንድርያ ከአሥር የሚበልጡ ማተሚያዎች ይሠሩ ነበር። ጦርነት ሲመጣ ሰው ገንዘቡን በማሰሮ አድርጎ ይቀብራል። ባለቤቱ ሳይመለስ ከቀረ ማሰሮው እዚያው ይቀራል። የሳንቲሙን ዋጋ ከዕድሜው ይልቅ ብዛቱና ይዞታው ይወስኑታል።

ስለዚህ የሮማና የባይዛንታይን ሳንቲም መሰብሰብ የሀብታም ጨዋታ ነው የሚለው አይዋጥልኝም። የጀማሪዎች ልማድም አይዋጥልኝም። አብዛኛው ሰው ከአውግስጦስ ጀምሮ የእያንዳንዱን ንጉሥ አንድ አንድ ሳንቲም ልያዝ ብሎ ይነሳል። የእግር ኳስ ተጫዋቾች ስቲከር አልበም እንደ መሙላት ነው። ለጥቂት ወራት የነገሡት ላይ ሲደርስ ዋጋው አናት ላይ ይወጣል። ገንዘብ ኖሮት አልበሙን ቢሞላው እንኳ፣ ስለ አንዱም ንጉሥ አምስት ደቂቃ ማውራት አይችልም።

አንድ ጥያቄ ይዞ መነሳት ይሻላል። ለምሳሌ «ብሩ የት ገባ?» ብላችሁ ጀምሩ። በአውግስጦስ ዘመን የነበረው ዲናሪየስ የተባለው የሮማ ሳንቲም ንጹሕ ብር ነው ማለት ይቻላል። ኔሮ በ64 ገደማ ክብደቱንም ጥራቱንም ቀነሰው። በ215 ካራካላ የሁለት ዲናሪየስ ዋጋ አለው የተባለ አዲስ ሳንቲም አወጣ። ውስጡ ያለው ብር ግን የአንድ ተኩል ያህል ብቻ ነበር። በ260ዎቹ፣ በጋሊየኑስ ጊዜ፣ ብር የተባለው ነገር ነሐስ ሆኖ አረፈው። አምስት ስድስት ሳንቲም ጎን ለጎን ብትደረድሩ የዋጋ ንረትን በዓይናችሁ ታያላችሁ። የብር ምንዛሪ ሲወርድ እያየ ለኖረ የኛ ሰው ታሪኩ አዲስ አይሆንበትም።

እኔ ግን ምረጥ ብባል የምመርጠው ቀይ ባሕርን ነው። ቆስጠንጢኖስ ያወጣው የወርቅ ሳንቲም ሶሊደስ ይባላል። ከአንድ የሮማ ፓውንድ ወርቅ 72 ይወጣል፤ አንዱ አራት ግራም ተኩል ገደማ ይመዝናል። ለሰባት መቶ ዓመት ያህል ጥራቱ ብዙም ሳይነካ ቆየ። ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ላይ አዱሊስ የደረሰው ነጋዴ ኮስማስ አንድ ደስ የሚል ወሬ ጽፎልናል። ሶፓትሮስ የሚባል ሮማዊ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ስሪላንካ ይደርሳል። እዚያ አንድ የፋርስ ሰው ያገኛል። የአገሩ ንጉሥ «ከሁለታችሁ ንጉሥ የማን ይበልጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ሶፓትሮስም ሁለቱን ሳንቲሞች አስቀምጠህ እያቸው ይለዋል። የሮማው የሚያብረቀርቅ ወርቅ ነው፤ የፋርሱ ብር ነው። ክርክሩ እዚያው አለቀ። ወሬው ትንሽ የተቀባባ ይመስለኛል፤ ሮማዊ ነጋዴ ስለ ራሱ ወገን ሲያወራ ምን ይጠበቃል? የአዱሊስ ሰዎች መርከብ ላይ መኖራቸው ግን ለኛ ትልቅ ነገር ነው።

እዚያው ዘመን ላይ ንጉሥ ካሌብ ስለ ናግራን ሰማዕታት ባሕር ተሻግሮ ዘመተ። ዘመቻውን የደገፈው የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ቀዳማዊ ዩስጢኖስ ነበር፤ ከ518 እስከ 527 ነግሷል። በኋላ እሱን የተካው ዮስጢንያኖስ በ531 ገደማ ወደ ካሌብ መልእክተኛ ላከ። ሐሳቡ የአክሱም ነጋዴዎች የሕንድን ሐር ገዝተው ለሮማ እንዲሸጡ ነበር፤ ፋርስን ለማለፍ። አልተሳካም። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ እንደጻፈው፣ የፋርስ ነጋዴዎች በየወደቡ ቀድመው ጭነቱን ጠቅልለው ይገዙት ነበር። የመን ውስጥ አል መዳሪባ በተባለ ቦታ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። የሮማውና የአክሱሙ አንድ ላይ ተቀላቅለው።

የዩስጢኖስ ወርቅ ውድ ነው። ነሐሱ ግን ለብዙ ሰው ኪስ አይከብድም። ትልቅ፣ ከበድ ያለ ሳንቲም ነው። ጀርባው ላይ «ኤም» የሚመስል ትልቅ ፊደል አለ፤ በግሪክ ቁጥር 40 ማለት ነው፤ ዋጋው 40 ኑሚ (የዘመኑ ትንሿ ሳንቲም) ነበርና። ከሥሩ የታተመበት ከተማ ይጻፋል። በ538 ዮስጢንያኖስ በስንተኛው የንግሥና ዓመቱ እንደታተመም ይጻፍ ብሎ አዘዘ። ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ ንባብ የለም። ወረድ ብላችሁ አሥረኛው ክፍለ ዘመን ላይ ከደረሳችሁ ደግሞ የንጉሥ ስም ጭራሽ የሌለባቸው ነሐሶች ታገኛላችሁ። የጌታ ሥዕልና «ኢየሱስ ክርስቶስ፣ የነገሥታት ንጉሥ» የሚል ጽሑፍ ብቻ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ከማን እጅ እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት የሌለው ሳንቲም አትግዙ።

በ2020 ለንደን ውስጥ አንድ የወርቅ ሳንቲም በ4.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ቄሣርን ከገደሉት አንዱ የሆነው ብሩተስ በ42 ዓመተ ዓለም ያሳተመው ነው። ሁለት ጩቤ፣ መሐላቸው የነጻነት ቆብ፣ ከሥሩ የግድያው ቀን። ሰውየው ገድሎ በገንዘብ ላይ ፎከረ። ጨረታ ቤቱ ሳንቲሙ የቆየ የባለቤትነት ታሪክ አለው ብሎ ነበር። ታሪኩ ፈጠራ ሆኖ ተገኘ። የጨረታ ቤቱ ኃላፊ ኒውዮርክ ውስጥ ተያዘ፤ ጥፋቱንም አመነ። ሳንቲሙ በ2023 ለግሪክ ተመለሰ።

ይሄ የሚሊየነሮች ጣጣ ነው ትሉ ይሆናል። የርካሹን ነሐስ ጉዳይ ደግሞ እንየው። በ2010 እንግሊዝ ውስጥ ፍሮም ከተማ አጠገብ አንድ ሰው በብረት መፈለጊያ ማሰሮ አገኘ። ቆፍሮ አላወጣውም። አቆመና ባለሙያ ጠራ። ማሰሮው ውስጥ 52,503 ሳንቲሞች ነበሩ። ባለሙያዎቹ በንብርብር በንብርብር አወጡት። ከሁሉም በኋላ የታተሙት፣ ብሪታንያ ላይ የነገሠው የካራውሲየስ ሳንቲሞች በብዛት የተገኙት ወደ ታች ነበር። ማሰሮው ለዓመታት የተጠራቀመ ቁጠባ ቢሆን ኖሮ አዲሶቹ ከላይ ይሆኑ ነበር። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ነው የተሞላው ማለት ነው። ሰውየው እየዘገነ አውጥቶት ቢሆን ሳንቲሞቹ አንዳቸውም አይጎድሉም ነበር። ይሄ ዕውቀት ግን አይኖርም።

ኢንተርኔት ላይ «ያልጸዳ የሮማ ሳንቲም፣ በመቶ» እየተባለ የሚሸጠውን አፈር ለባሽ ጥቅል የምቃወመው ለዚህ ነው። ከየት እንደተቆፈረ የሚነግራችሁ የለም። ማጽዳቱ ደስ ይላል ይላሉ። ይሁና፤ ግን ሌሊት ለሚቆፍረው ሰው ደሞዙን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ኢየሩሳሌም ለሚሳለሙ ዘመዶቻችንም አንድ ቃል። «የመበለቲቱ ሳንቲም» ተብሎ የሚሸጠው ትንሽ ነሐስ የዚያን ዘመን ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ መበለቲቱ የጣለችው ግን አይደለም። የጢባርዮስ ዲናርም ዋጋው የሚሰቀለው «የቄሣርን ለቄሣር» በሚለው ቃል ነው። እስራኤል ውስጥ ጥንታዊ ዕቃ የሚሸጠው ፈቃድ ያለው ነጋዴ ብቻ ነው። ከአገር ለማውጣትም የጥንታዊ ቅርሶች ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። አየር ማረፊያ ላይ ከመጨቃጨቅ ሱቁ ውስጥ መጠየቅ ይቀላል።

በጣም የሚያከራክረኝ ግን የአክሱም ሳንቲም ነው። ውጭ አገር ያለ ወገን በጨረታ ሲያየው «ባዕድ ከሚወስደው እኔ ላድነው» ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን ገበያው የገዢውን ስሜት አይለይም። ዋጋው ከጨመረ መሬቱ ይቆፈራል። የቆየ ታሪክ ያለውን ግዙ፤ የሌለውን ለማንም ሲባል ተዉት።

የሃምሳ ዶላር ነሐስ ላይ የ1970 የጨረታ ካታሎግ ፎቶ አምጣ ማለት አይቻልም፤ የለም። ግን የነጋዴው ትክክለኛ ስምና አድራሻ ያለበት ደረሰኝ ይኖራል። የቀድሞው ሰብሳቢ በእጁ የጻፈባት ትንሽ ካርድም ብዙ ጊዜ አብራ ትመጣለች። ሻጩ «ካርዱን ጥዬዋለሁ» ካለ ዋጋ አትከራከሩ። ውጡ።