አይነካም ማለት አልተነካም ማለት አይደለም

የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ያገለገለ ስልክ ገዛ። ዋጋው ደህና ነው፣ ካሜራውም አሪፍ ነው። አንድ ነገር ብቻ አለበት። በከፈተው ቁጥር ጥቁር ስክሪን ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይመጣል፤ ቡትሎደሩ (ስልኩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ቁልፉ ስለተከፈተ በውስጡ ያለው ሶፍትዌር አስተማማኝ አይደለም የሚል። ሻጩን ጠየቀው። «ኧረ ወንድሜ፣ ምንም ማለት አይደለም። ትንሽ ጠብቅ፣ ራሱ ያልፋል» አለው። እውነቱን ነው፣ ያልፋል።

ስልኩን ይዞ እኔ ጋ መጣ። ቤተሰባችን ውስጥ «ኮምፒውተር የሚያውቀው» እኔ ነኝ። እያገላበጥኩ ሳየው ግን ያፈርኩት በራሴ ላፕቶፕ ነው። ይሄ ቡትሎደሩ የተከፈተ ስልክ ቢያንስ «እኔን አትመኑኝ» ብሎ ይናገራል። የኔ ላፕቶፕ፣ ያውም «የማይለወጥ ሲስተም» እየተባለ የሚወደሰው፣ አንድ ሰው ፋይሎቹን ቢቀይራቸው ትንፍሽ አይልም።

ላፕቶፔ ላይ ያለው ፌዶራ ሲልቨርብሉ ነው። ኢሜጅ ላይ ከተመሠረቱት የሊነክስ ሲስተሞች አንዱ ነው። በተለመደው ሊነክስ ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ይጫናሉ፣ አንድ በአንድ ይታደሳሉ። እዚህ ግን ሲስተሙ በሙሉ እንደ አንድ ጥቅል ይመጣል። አፕዴት ሲወርድ አዲሱ ጥቅል ከአሮጌው ጎን ይቀመጣል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ወደ አዲሱ ይሻገራል። አዲሱ ካስቸገረ ወደ አሮጌው መመለስ ነው። ክሮምቡክም፣ የቅርብ ጊዜ አንድሮይድ ስልኮችም በመሠረቱ እንዲሁ ናቸው። ወድጄዋለሁ፣ አልዋሽም። አፕዴት መሃል መብራት ጠፍቶበት ላፕቶፑ አልነሳ ያለው ሰው ለምን እንደወደድኩት ይገባዋል።

ቅሬታዬ «የማይለወጥ» የሚለው ስም ላይ ነው። በሲልቨርብሉ የሲስተሙ ፋይሎች የሚቀመጡበት ክፍል ለንባብ ብቻ ተብሎ ይከፈታል። ጥሩ ነው፣ በስህተት እንዳናጠፋው ይረዳል። ግን የሩት (በሲስተሙ ላይ ሁሉን የማድረግ) ሥልጣን ያገኘ ሰው በአንድ ሁለት ትእዛዝ ለመጻፍም ሊከፍተው ይችላል። ገርበብ ያለ በር ነው። ንፋስ አይከፍተውም፤ ሌባን ግን አይመልስም።

ታዲያ ተነክቶ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ከሲልቨርብሉ ጀርባ ያለው ኦኤስትሪ የተባለ መሣሪያ ነው። እያንዳንዱን ፋይል ከይዘቱ በተሰላ የሻ-256 አሻራ ስም መዝግቦ መጋዘን ውስጥ ያስቀምጣል። አሻራ ማለት ይዘቱ በጥቂቱ እንኳ ቢለወጥ አብሮ የሚለወጥ አጭር ቁጥር ነው። ጥቅሉ ሲወርድ የፌዶራ ፊርማ ይመረመራል። እስከዚህ ድረስ ሸጋ ነው። ከወረደ በኋላ ግን ፋይሉ ሲከፈት ማንም መልሶ አያየውም። «ኦኤስትሪ ኤፍኤስሲኬ» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ መጋዘኑን ሁሉ አንብቦ አሻራዎቹን እንደገና ያሰላል። ዲስኩ የበላውን ወይም ሰው የቀየረውን ፋይል ይይዛል። ሆኖም የሚመረምረው መጋዘኑን ነው። መጋዘኑ ውስጥ የሌለ አዲስ ፋይል አንድ ሰው ከሲስተሙ ፋይሎች መሃል ቢሰነቅር አያየውም። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ ትእዛዙን የምናሠራው እዚያው በጠረጠርነው ሲስተም ላይ መሆኑ ነው። ተጠርጣሪውን ለራሱ ምስክር አድርጎ መጥራት ማለት ነው።

ስልኩ የተሻለው እዚህ ላይ ነው። ስልኩ የሚጠቀምበት ዘዴ ዲኤም-ቬሪቲ ይባላል። ለክሮምቡኩ ሲስተም ለክሮም ኦኤስ ተብሎ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ሊነክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 3.4 ገባ። ሐሳቡ ራልፍ መርክል በ1979 የፈጠራ መብት የጠየቀበት የአሻራ ዛፍ ነው። ኢሜጁ እያንዳንዱ 4,096 ባይት በሆነ ቁራጭ ይከፋፈላል። ለያንዳንዱ ቁራጭ 32 ባይት አሻራ ይወጣለታል። 128 አሻራ ሲሰበሰብ አንድ ቁራጭ ይሞላል፤ ለእሱም በተራው አሻራ ይወጣለታል። 2 ጊጋባይት ኢሜጅ ብንወስድ 524,288 ቁራጭ አለው። ከሱ በላይ 4,096 የአሻራ ቁራጭ፣ ከዚያ በላይ 32፣ ከዚያ 1። የዚያች የመጨረሻዋ አሻራ 32 ባይት ናት። ዛፉ በሙሉ ቢደመር 16 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ከኢሜጁ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ውበቱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ያቺ የጫፏ አሻራ በፊርማ ከታሰረች፣ ስልኩ ሲነሳ ዲስኩን ሁሉ ማንበብ አያስፈልገውም። ከርነሉ አንድ ቁራጭ ባነበበ ቁጥር ከዛፉ ጋር ያመሳክረዋል። ካልገጠመ አይሰጥም፣ በቃ። ፋይል ቢሰነቀር፣ ቢሰረዝ፣ አንዲት ቢት ብትገለበጥ አሻራው አይገጥምም። ምርመራው ሰው አስታውሶ የሚያዘው ሥራ መሆኑ ቀርቶ የንባቡ አካል ሆነ ማለት ነው። አንድሮይድ ይህን በ4.4 ጀመረው፤ በ2016 በወጣው 7.0 ደግሞ አጥብቆ ማስገደድ ጀመረ። ያኔ የስህተት ማረሚያ ኮድም አብሮ ገባ። ካልሆነማ ማንም ሳይነካው በእርጅና የተበላሸች አንዲት ቁራጭ ስልኩን ድንጋይ ታደርገው ነበር። አፕልም በ2020 ማክኦኤስ ቢግ ሰር ላይ የሲስተሙን ክፍል በተመሳሳይ የአሻራ ዛፍ አሽጎታል።

በሊነክስ ዴስክቶፕ በኩልም ሥራ አለ። በ2019 ከርነል 5.4 ላይ ኤፍኤስ-ቬሪቲ መጣ፤ ለእያንዳንዱ ፋይል የራሱን ዛፍ ይሠራል። ኮምፖዝኤፍኤስ የተባለው ደግሞ እነዚህን ፋይሎች አቀናጅቶ እንደ አንድ የታሸገ ኢሜጅ ያቀርባቸዋል። በ2025 የወጣው ፌዶራ 42 ሲልቨርብሉ ላይ ኮምፖዝኤፍኤስን አስገብቷል። ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ከሚነሳበት ቅጽበት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ፋይል ድረስ በፊርማ የሚያያዘው ሰንሰለት እንደ መደበኛ አልተከፈተም። ማሸጊያው ተገዝቷል፣ ማኅተሙ ገና አልተመታበትም። ለኔ ይህ «ቀስ ብለን እንደርስበታለን» የሚባል ነገር አይደለም። ኢሜጅ ሆኖ መምጣቱ ዋናው ጥቅሙ እኮ ሁላችንም ጋ ያለው ጥቅል አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ መመሳከር ይችላል። ይህን ሳያደርጉ «የማይለወጥ» ብሎ ማስተዋወቅ ሰውን ማዘናጋት ነው።

«ማኅተሙስ ምን ይፈይዳል፣ ከመታሸጉ በፊት ከተበላሸ?» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነው። በርበሬው ገና ሲፈጭ ባዕድ ነገር ከተቀላቀለበት፣ ከረጢቱ ተሰፍቶ መምጣቱ አያድነንም። በመጋቢት 2024 የሆነው ይኸው ነው። ኤክስዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 ላይ የተደበቀ በር ተገኘ። ያስገባው ከፕሮጀክቱ ኃላፊዎች አንዱ ሆኖ ይሠራ የነበረ፣ እውነተኛ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ነው። እስከ ፌዶራ የሙከራ ቅጂ ድረስ በሕጋዊ መንገድ ገብቶ ነበር። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር ያወቀው በኤስኤስኤች (ኮምፒውተርን ከሩቅ መጠቀሚያ መንገድ) መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነው። የትኛውም የአሻራ ዛፍ አይይዘውም ነበር፤ በፊርማ የመጣ ነዋ። እንዲያም ሆኖ ማኅተም ካለ ነገሩ ይጠባል። የትኛው ቅጂ ተበላሸ፣ ማን ጋ አለ የሚለውን መመለስ ይቻላል። ከሌለ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ እንቆቅልሽ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ማኅተሙ በማን እጅ ነው? ክሮምቡክና ማክ ላይ ዋናው ቁልፍ የድርጅቱ ነው። ባለቤቱ ሲስተሙን መቀየር ከፈለገ ማኅተሙን ይሰብራል፣ ከዚያ በኋላ ጥበቃ የለውም። አንዳንድ የአንድሮይድ ስልኮች የራስን ቁልፍ አስገብቶ መልሶ መቆለፍ ይፈቅዳሉ። ያኔ ሲነሱ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ያሳያሉ፤ «ሌላ ሲስተም ነው፣ ግን አልተነካም» እንደማለት። ሊነክስም ወደዚህ ቢሄድ ደስ ይለኛል። የገዛ ላፕቶፔን ለማመን የግድ የሌላ ሰው ቁልፍ ላይ ማደር የለብኝም።

የአክስቴ ልጅ ስልክ አሁን ደህና ነው። የአምራቹን ኢሜጅ ጭኜ ቡትሎደሩን ቆለፍኩት። ሲቆለፍ ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ፎቶዎቹን ቀድመን አወጣን፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በላብን። ጥቁሩ ስክሪን ጠፋ። ላፕቶፔን ግን ጥርጣሬ ሲገባኝ ከሌላ ፍላሽ ላይ ሊነክስ አስነስቼ፣ ከውጭ ሆኜ መጋዘኑን አስመረምራለሁ። እሱ እስኪያልቅ ቡና ይፈላል። ከፋሲካ ወዲህ ግን አላደረግኩትም።