ኢነርጂ ድሪንክ ስካር አያበርድም
«ከቢራ በኋላ አንድ ኢነርጂ ድሪንክ ከጠጣችሁ ስካሩ ይለቃችኋል፣ መኪና መንዳትም ትችላላችሁ» የሚለው አስተያየት ደጋግሞ ስለተጻፈ እርማት ልጨምር። ስካሩ አይለቅም። ካፌይኑ የሚያባርረው እንቅልፍን ነው። ደም ውስጥ ያለውን አልኮል አይቀንስም፤ እሱን በዋናነት የሚያስወግደው ጉበት ነው፣ ያውም በራሱ ፍጥነት፣ በሰዓታት።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ነቃ ስላለ ደህና የሆነ ይመስለዋል። ሌላ ይደግማል፣ ከዚያ የመኪና ቁልፍ ያነሳል። ፍሬን ለመያዝ ግን እንደ ሰካራም ይዘገያል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2010 እ.ኤ.አ. ካፌይን የተጨመረበት የአልኮል መጠጥ ለሚሠሩ 4 ድርጅቶች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የጻፈውም ለዚህ ነው።

ማረጋገጥ ለምትፈልጉ፦ የትራፊክ ፖሊስ የትንፋሽ መመርመሪያ የሚለካው አልኮልን ነው። ኢነርጂ ድሪንክ ቁጥሩን ዝቅ አያደርገውም። እባካችሁ፣ ከጠጣችሁ ታክሲ ጥሩ።