ይድረስ ለቅድመ ውድድር ተስፋ፣ ባለህበት

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ካንተ በቀር የሚያመኝ የለም።

ይህን የምጽፍልህ ስልኬን አጥፍቼ ነው። ትናንት ሊጉ ተጀመረ። በሜዳችን፣ ገና ዘንድሮ ባደገ ቡድን፣ 4 ለ 0 ተሸነፍን። ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ላይ «ዋንጫውን የት እንደምናስቀምጠው ካሁኑ እናስብበት» ብዬ ለጥፌ ነበር። የጻፍኩት እኔ፣ ያጻፍከኝ አንተ። የመጀመሪያው ጎል ሲገባ ሁሉም ዝም አሉ። ሁለተኛው ሲገባም ዝም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። በሦስተኛው አንዱ መልእክቴን ከግሩፑ አናት ላይ ሰካት። በአራተኛው አለቃችን፣ ኳስ አይቶ የማያውቀው ሰውዬ፣ «ለዋንጫው ቁም ሳጥን ይገዛ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። አለቃ ነውና የሳቅ ምልክት ላክሁለት።

ያ አዲሱ አጥቂስ? በወዳጅነት ጨዋታ ሦስት አግብቶ ያስጨፈርከኝ? ትናንት በረኛው ወድቆ፣ ጎሉ ባዶ ሆኖ፣ ኳሷን ወደ ሰማይ ላካት። ከዚያ ዞር ብሎ ሣሩን አየ። ጫማውን አየ። እኛን ብቻ አላየንም።

የወዳጅነት ጨዋታ ምን እንደሆነ እኮ አጥቼው አይደለም። ነጥብ የለውም። አሰልጣኙ ከእረፍት መልስ አስራ አንዱንም ይቀይራል። የተጋጣሚ ተከላካይ የሚሮጠው ላብ እንዲወጣው ነው፤ ሰው የመያዝ ሐሳብም የለው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ «የቡድናችን የጨዋታ ፍልስፍና ተቀይሯል» አስባልከኝ። ፍልስፍና!

«እንደ አዲስ ፈራሚ ቁጠሩት» ያልከን ከጉዳት ተመላሽ በ20ኛው ደቂቃ ተመልሶ ተጎዳ።

ስጠራጠርህ ደግሞ ሌስተር ሲቲን ትመዝብኛለህ። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ፕሪሚየር ሊጉን በልተዋል። አወራራጆቹ 5000 ለ 1 ሰጥተዋቸው ነበር። አንተ የምታየው አንዷን ነው። እኔ የምኖረው 5000ው ውስጥ ነው።

ይሄ ሁሉ ይሁን። የማልያው ነገር ግን ከጉሮሮዬ አይወርድም። ክለባችን አዲስ ማልያ የሚያወጣው አንተ በምትጦፍበት ሰሞን ነው። ማስታወቂያው ላይ አማካያችን እየሳቀ ቆሟል። ስሙንና 8 ቁጥሩን አሳትሜ ገዛሁ። ትናንት «ጡንቻው ትንሽ ከብዶታል» ብለው አላሰለፉትም። ጨዋታው አልቆ ብዙም ሳይቆይ የስንብት ቪዲዮውን ለቀቁልን። ፎቶ ሲያስነሱት እየተደራደሩበት ነበር! ያውቃሉ። እያወቁ ስሙን ለሕፃናት ሳይቀር ሸጡ። ይሄ ማጭበርበር ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

የእንግሊዝ ክለቦች እንኳ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 የዝውውር መስኮቱን፣ ማለትም ተጫዋች የሚገዙበትን ጊዜ፣ ሊጉ ሳይጀመር ዘግተው ነበር። ሌሎቹ ሊጎች ክፍት ስለነበሩ ተጫዋች ሊወሰድባቸው ይችላል፤ ምትክ መግዛት ግን አይችሉም። አልተመቻቸውም፤ በ2020 ወደ ድሮው ተመለሱ። የደጋፊው ኪስ ግን ያኔም ዛሬም ቀድሞ ይከፈታል።

አሁን «ገና አንድ ጨዋታ ነው» ልትለኝ እንደሆነ ይገባኛል። ተወኝ።

ግልባጭ፦
ለክለባችን ማልያ መሸጫ
የታተመ ስም የሚያስለቅቅ ነገር ካላችሁ ላኩልኝ። 8 ቁጥሩ ይቆይ፤ ለሚተካው ይሆናል።