ማርሲያኖ ፉሪን ይዘርረዋል ለምትሉ
ኧረ በናታችሁ! እዚህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሙ ስር ጀበና ቡና ልጠጣ በወጣሁ ቁጥር ያው ጭቅጭቅ ነው፣ የድሮው ቦክሰኛ ሮኪ ማርሲያኖ 49 ለ 0 ስለሆነ፣ ማለትም 49 ፍልሚያ አሸንፎ አንዴም ስላልተሸነፈ፣ የዘመናችንን ቦክሰኛ ታይሰን ፉሪን ይዘርረዋል ይሉኛል። ማርሲያኖ እኮ 85 ኪሎ ገደማ ነበር፣ ዛሬ ቢሆን ከባድ ሚዛን ውስጥም አይገባም! ፉሪ ደሞ 2 ሜትር ከ6 ሴንቲ ነው። አንዱ ስኒውን ጧ አድርጎ አስቀምጦ «ወሳኙ ልብ ነው» ይላል፣ ምን ልብ ታወራለህ ወንድሜ እጁ አይደርስም! ዩክሬናዊው ቦክሰኛ ኡሲክ እ.ኤ.አ. በ2024 ፉሪን አሸነፈው አይደል ትሉኛላችሁ፣ አዎ፣ ግን እሱም ከ100 ኪሎ በላይ ነው።
የድሮዎቹን መናቄም አይደለም፣ ያኔ የሻምፒዮና ፍልሚያ 15 ራውንድ ነበር አሁን 12 ነው፣ የዛሬዎቹ 13ኛው ላይ ምን እንደሚሆኑ ማን አየ? ይሄን የሚያነሳ የለም፣ ሁሉም ቲክቶክ ላይ አንድ ኖክአውት አይቶ ይመጣና ዳኛ ይሆንብኛል።